ጎግል ማፕ ለአጭር የከተማ ጉዞ፦ ትልቁ ጥቅሙ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ነው

ጎግል ማፕን የማያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፣ አሁን ስማርት ስልክ የያዘ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ታዲያ ስለሱ ሪቪው መጻፍ ምን ይጨምራል የሚል ካለ መልሴ አጭር ነው፦ አብዛኛው ሰው የሚከፍተው መንገድ ሲጠፋበት ብቻ ነው። እኔ ግን ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ወደ ሌላ አገር ከተማ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ የጉዞ ማቀጃ አላየሁም። ያውም በደንብ የሚጠቅመው እዛ ደርሳችሁ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስትቆሙ ሳይሆን ገና ትኬት ሳትቆርጡ፣ ቤት ቁጭ ብላችሁ ሳላችሁ ነው። ድክመትም አለው፣ አንዳንዱም ቀላል አይደለም። ሁለቱንም እጽፋለሁ።

አጭር ጉዞን ከባድ የሚያደርገው ማካካሻ ጊዜ አለመኖሩ ነው። ሁለት ሳምንት የሚቆይ ሰው አንድ ቀን ቢበላሽበት በማግስቱ ይመለስበታል። ሦስት ቀን ያለው ሰው ግን የመጀመሪያው ቀን ግማሹ ኤርፖርትና ሆቴል ውስጥ ያልቅበታል፣ የመጨረሻው ቀን ግማሹም ለመመለስ ይሄዳል። በእጁ የሚቀረው ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ያችን ሁለት ቀን ደግሞ ርቀት፣ ሰልፍና የተዘጋ በር ይካፈሏታል። ማፑ ሦስቱንም አስቀድሞ ያሳያል፣ እንዴት እንደሚጠየቅ ካወቃችሁ።

ከትኬቱ እንጀምር። ርካሽ በረራ ስናገኝ ዓይናችን የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው፣ የኤርፖርቱን ስም ልብ የሚል ጥቂት ሰው ነው። ፓሪስ ተብሎ የሚሸጥ በረራ ቦቬ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ቦቬ ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስቶክሆልም የተባለው ስካቭስታ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚላኖ ብላችሁ የገዛችሁት ቤርጋሞ ሲሆንም ወደ 50 ኪሎ ሜትር ትጓዛላችሁ። ቶክዮ ላይ ሀኔዳ ለከተማው ቅርብ ነው፣ ናሪታ ግን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ይላል። ለሁለት ሳምንት ጉዞ ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ለሦስት ቀን ጉዞ ግን በመሄጃውም በመመለሻውም ሁለት ሁለት ሰዓት ከበላ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የኤርፖርቱን ስም ማፑ ላይ ጻፉ፣ ልታርፉበት ካሰባችሁት ሰፈር ጋር አያይዙት፣ በሕዝብ ትራንስፖርት ስንት ይፈጃል ብላችሁ ጠይቁት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ማፑ ካልነገራችሁት በስተቀር አሁን ያለውን ሰዓት ይዞ ነው የሚመልሰው። የመነሻ ሰዓቱን ነክታችሁ አውሮፕላኑ የሚያርፍበትን ቀንና ሰዓት ስጡት፣ ለፓስፖርት ሰልፍና ለሻንጣ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሩበት። እኩለ ቀን ላይ 50 ደቂቃ የሚለው መንገድ እኩለ ሌሊት ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። የመጨረሻው ባቡር ካመለጠና ታክሲ ብቻ ከቀረ የትኬቱ ርካሽነት እዛው ኤርፖርቱ በር ላይ ያበቃል። በነገራችን ላይ ማፑ የሚያሳየው የከተማውን የአካባቢ ሰዓት ነው፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከሆነም 18:00 ማለት ለእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ይሄንን ደጋግማችሁ አረጋግጡ፣ በረራ ያስመልጣል።

ኢስታንቡልን እንደ ምሳሌ ልያዝ፣ ማፑ ምን ያህል እንደሚያግዝ በደንብ የሚታይባት ከተማ ስለሆነች። ሁለት ኤርፖርት አላት። ትልቁ የኢስታንቡል ኤርፖርት በአውሮፓው በኩል፣ ከከተማው ሰሜን ጥቁር ባሕር አጠገብ ነው። ሳቢሃ ጎክቼን ደግሞ በእስያው በኩል ነው። ሁለቱም ከመሀል ከተማው ይርቃሉ፣ ሁለቱም አሁን ሜትሮ አላቸው። ከትልቁ ኤርፖርት ኤም 11 የሚባለው መስመር እስከ ጋይሬቴፔ ጣቢያ ያመጣችኋል፣ ከዛ ኤም 2 ይዛችሁ ታክሲም የሚባለው አደባባይ ትደርሳላችሁ። ከሳቢሃ ጎክቼን ደግሞ ኤም 4 በእስያው ዳር ወዳለው ካዲኮይ ሰፈር ይወስዳችኋል። እዚህ ላይ ነው የሆቴል ጉዳይ የሚመጣው። በሳቢሃ ጎክቼን ገብታችሁ በዛው የምትወጡ ከሆነ በሌላው ዳርቻ ከመንከራተት ካዲኮይ ማደር ያዋጣል፣ ወደ ታሪካዊው ክፍል በጀልባ መሻገር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ጀልባው ራሱም የጉብኝቱ አካል ነው። ይሄንን ማንም አልነገረኝም፣ ካርታው ላይ ሁለቱን ነጥቦች አስቀምጣችሁ ስታዩት ወለል ብሎ ይታያል።

ሆቴል ስትመርጡ ለመሀል ከተማ ቅርብ የሚለውን አትመኑ። መሀል ከተማ የሚባለው ነገር ራሱ ሆቴሉን በሚሸጠው ሰው ፈቃድ ይሰፋል፣ ይጠባል። 800 ሜትር የተባለው ርቀትም ወፍ የሚበርርበት ቀጥታ መስመር ሊሆን ይችላል። እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ ከበሩ እስከ ሜትሮ ወይም ትራም ጣቢያ በእግር ስንት ደቂቃ ነው፣ ያ ጣቢያስ ያለ መቀያየር ወዴት ያደርሳል። በአንድ መስመር ላይ ሩቅ ያለ ሆቴል፣ ቅርብ ሆኖ ሁለት ጊዜ መቀየር ከሚያስፈልገው ይሻላል።

ከዛ መንገዱን በፎቶ የሚያሳየውን ስትሪት ቪውን ክፈቱ። ይሄ ክፍል ለሆቴል ምርጫ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ይጠቅማል። ከጣቢያው መውጫ ተነሡና በጣታችሁ እስከ ሆቴሉ በር ሂዱ። ሻንጣ እየጎተታችሁ እንደሆነ አስቡት። ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ነው? የእግረኛ መንገዱ ሁለት ሰው ያሳልፋል? መሀሉ ላይ ደረጃ አለ? ሌሊት ብትደርሱ ያ ጠባብ መንገድ ምቾት ይሰጣችኋል? ካርታ ዳገትና ቁልቁለትን ጠፍጥፎ ነው የሚያሳያችሁ። ሊዝበን ላይ የአልፋማ ሰፈርና የቅዱስ ጊዮርጊስ ግንብ ካርታው ላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ በእግር ስትሄዱ ግን ግንቡ ያለው ኮረብታው አናት ላይ ነው፣ ላብ በላብ ያደርጋችኋል። የኢስታንቡሉ ጋላታ ሰፈርም እንዲሁ ነው። ስትሪት ቪው ላይ ደረጃውንና አቀበቱን ታዩታላችሁ። ፎቶው መቼ እንደተነሣ ዳር ላይ ተጽፏል፣ እሱንም እዩ፣ የቆየ ከሆነ መንገዱ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ሴቭ የማድረጊያው ሊስት። ብዙ ሰው ልብ ሳይል ያልፈዋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ለጉዞው አዲስ ሊስት እከፍታለሁ፣ የከተማውን ስም እሰጠዋለሁ። ሰው የነገረኝን፣ ቪዲዮ ላይ ያየሁትን፣ የተመኘሁትን ሁሉ ሳልመርጥ ሴቭ አደርጋለሁ። ሙዚየሙም፣ ገበያውም፣ ቡና ቤቱም፣ ጀንበር ስትጠልቅ የሚታይበት ኮረብታውም ይገባል። በዚህ ደረጃ ላይ ቅደም ተከተል አላወጣም። ሲያልቅ ካርታውን ከሩቅ አየዋለሁ።

ያኔ ነው ሥራው የሚጀምረው። ነጥቦቹ ከተማው ላይ እኩል አይበተኑም፣ ሦስት ወይም አራት ቦታ ላይ ይጠጋጋሉ። አንዱ ክምችት ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ይሆናል ማለት ነው። ብቻዋን ራቅ ብላ የቀረች ነጥብ ካለች ጥያቄው ቀላል ነው፦ ለሷ ብዬ ሁለት ሰዓት አወጣለሁ ወይ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አላወጣም ነው፣ ትውጣ። በጣም የምትወዷት ከሆነች ደግሞ ሌላውን ክምችት ሠውታችሁ ለሷ ቀን ስጧት። ዝርዝር ብቻ ስትጽፉ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማየት አትችሉም። ወረቀት ላይ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው የተጻፉ ቦታዎች ከተማው ውስጥ አንዱ ምሥራቅ ጫፍ ሌላው ምዕራብ ጫፍ ይሆናሉ፣ ሰውም ቀኑን ሙሉ ባቡር ውስጥ ሲመላለስ ይውላል።

ኢስታንቡል ላይ ይሄንን ብትሠሩት ሐጊያ ሶፊያ፣ ሰማያዊው መስጊድ፣ ከመሬት በታች ያለው የጥንት ውኃ ማጠራቀሚያና ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሱልጣን አህመት በሚባለው ታሪካዊ ሰፈር ተጠጋግተው ታገኟቸዋላችሁ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ነው። ትንሽ ወደ ምዕራብ ግራንድ ባዛርና ሱለይማኒዬ መስጊድ አሉ። ከባሕሩ ሰርጥ ማዶ ጋላታና ታክሲም፣ ከዛ ወረድ ብሎ በቦስፎረስ ዳር ዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት፣ እስያው ላይ ካዲኮይ። አራት ወይም አምስት ክምችት ነው።

ቀጥሎ የሚዘጉበትን ቀን ስታስገቡበት ዕቅዱ ራሱ ይወጣል። ግራንድ ባዛር እሑድ ዝግ ነው። ዶልማባህቼ ሰኞ ዝግ ነው። ቶፕካፒ ማክሰኞ ዝግ ነው። ቅዳሜ ማታ ገብቶ ማክሰኞ ማታ የሚመለስ ሰው ይሄንን ሳያይ ቢሄድ በሦስቱም ቀን የተዘጋ በር ሊገጥመው ይችላል። አይቶ ከሄደ ግን እሑድን ለሱልጣን አህመት ይሰጣል፣ ቶፕካፒም ክፍት ነው። ሰኞን ለባዛሩና ለሱለይማኒዬ ያደርጋል፣ ከሰዓት በኋላ ከኤሚኖኑ የጀልባ ጣቢያ ጀልባ ይዞ ካዲኮይ ይሻገራል። ማክሰኞ ጠዋት ዶልማባህቼን ያያል፣ ከዛ ሻንጣውን ይዞ ወደ ኤርፖርት። ከሦስቱ አንዱም አልቀረበትም፣ የተቀየረው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ይሄንን አፕ አጥብቄ የምወደው።

ሌላውም ከተማ እንደዚሁ ነው። ፓሪስ ላይ ሉቭር ማክሰኞ ይዘጋል፣ ኦርሴ ሙዚየም ሰኞ ይዘጋል፣ ቬርሳይም ሰኞ ነው። የፍሎረንሱ ኡፊዚ ሰኞ ዝግ ነው። የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ ዝግ ናቸው፣ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ሲሆን ግን በነፃ ይከፈታሉ፣ ሰልፉንም ከዛው ገምቱት። ማፑ ላይ የቦታውን ስም ነክታችሁ የሳምንቱን ሰዓት ስትዘረጉት ይሄ ሁሉ ይታያል።

ግን ጥንቃቄ። ማፑ ክፍት ነው ስላለ ትገባላችሁ ማለት አይደለም። ሰማያዊው መስጊድ የሚጸለይበት ስለሆነ በሶላት ሰዓት ለጎብኚ አይከፈትም፣ የዓርብ እኩለ ቀን ደግሞ ረዘም ይላል። በበዓል ቀን የሰዓቱ ነገር አስተማማኝ አይደለም፣ ለዋና ዋናዎቹ ቦታዎች የራሳቸውን ድረ ገጽ ማየት ግድ ነው። ከዚህም የባሰ የትኬት ጉዳይ አለ። አምስተርዳም የሚገኘው የአና ፍራንክ ቤት ትኬት የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ ነው፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ጉብኝት ይለቀቃል። የግራናዳው አልሃምብራ የናስሪድ ቤተ መንግሥቶች በተቆረጠላችሁ ሰዓት ካልተገኛችሁ አያስገቡም። ሮም ላይ የቦርጌዜ ጋለሪም በቀጠሮ ነው። ማፑ ስለዚህ ሁሉ አይጨነቅም፣ አረንጓዴ ቀለም ያለው ክፍት የሚል ቃል ያሳያችኋል፣ አለቀ። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ቦታ ካላችሁ መጀመሪያ ትኬቱን ያዙ፣ ቀኑን በሱ ዙሪያ ሥሩ። ሊስቱ ውስጥ ቦታው ሥር ማስታወሻ መጻፊያ አለ፣ የገዛችሁትን የትኬት ሰዓት እዛ ላይ አስፍሩት። ስልክ ውስጥ ኢሜይል ከማሰስ ያድናል።

የእግር መንገዱን ግምት በተመለከተ፣ ማፑ የሚቆጥረው ሳትቆሙ እንደምትራመዱ አድርጎ ነው። ፎቶ ማንሣቱን፣ ውኃ መግዛቱን፣ አብሯችሁ ያለው ሰው ጫማ መስኮት ላይ ማየቱን አይቆጥርም። 20 ደቂቃ ካለ 35 ብላችሁ ያዙ። ቀኑን ለማየት ብዙ ቦታዎችን በተከታታይ በአንድ መንገድ ላይ ማስገባት ይቻላል፣ ግን የሚሠራው ለእግር፣ ለብስክሌትና ለመኪና ነው፤ በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ አንድ መነሻና አንድ መድረሻ ብቻ ነው የሚቀበለው። በባቡር ለሚዞር ሰው ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። እያንዳንዷን ጉዞ ለየብቻ ማየት አለባችሁ።

አብራችሁ የሚሄድ ሰው ካለ ሊስቱን ላኩለት፣ እሱም እንዲጨምር ፈቃድ መስጠት ይቻላል። የት እንሂድ የሚለው ክርክር ቤት ውስጥ ያልቃል።

ሪቪዎቹ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለሬስቶራንት ኮከቡን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። እኔ 60 ሰው ሪቪው ሰጥቶት 4.9 ከሆነው ይልቅ ሺህ ሰው ሪቪው ሰጥቶት 4.4 የሆነውን አምናለሁ። ሪቪዎቹን ከአዲሱ ጀምሮ ደርድሩ፣ ምክንያቱም ባለቤት ይቀየራል፣ ምግብ አብሳይ ይቀየራል፣ የቆየው ኮከብ ግን እዛው ተለጥፎ ይቀራል። ሪቪው ውስጥ ቃል መፈለጊያም አለ። ለሆቴል ከሆነ ስለ ጫጫታ፣ ስለ አሳንሰር፣ ስለ ሙቅ ውኃ ሰው ምን እንዳለ ፈልጉ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከሆቴሉ ማስታወቂያ የበለጠ ታውቃላችሁ። ሰው ያነሣቸው ፎቶዎችም ከባለቤቱ ፎቶ ይበልጣሉ፣ ሜኑውን ከነዋጋው ያነሡ ስለሚኖሩ። ስፖንሰርድ የሚል ካያችሁበት ደግሞ ተከፍሎበት የወጣ ነው፣ መጥፎ ነው ማለት ባይሆንም ጥሩ ስለሆነ አይደለም ከላይ የመጣው። ሰው የሚበዛበትን ሰዓት የሚያሳየውን ሰንጠረዥም ተመልከቱት፣ ለታወቀ ሙዚየም በሩ ሲከፈት መድረስና እኩለ ቀን ላይ መድረስ ምን ያህል እንደሚለያይ እዛ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ኢንተርኔት በሌለበት ምን ይሆናል የሚለው ላይ ማፑ ያሳዝነኛል። የከተማውን ካርታ አስቀድማችሁ ዳውንሎድ ማድረግ ትችላላችሁ። የፕሮፋይል ፎቷችሁን ስትነኩ ኦፍላይን ማፕ የሚል ይመጣል፣ ከተማውን በአራት ማዕዘኑ ውስጥ አስገብታችሁ ታወርዳላችሁ። ይሄንን ያለ ሰበብ አድርጉ። ጂፒኤስ ዳታ ስለማይፈልግ ሰማያዊዋ ነጥብ ያላችሁበትን ታሳያችኋለች፣ ቦታም መፈለግ ትችላላችሁ። ችግሩ የመንገድ ምሪቱ ነው። ያለ ዳታ የሚሰጣችሁ የመኪና መንገድ ብቻ ነው። የእግርም፣ የብስክሌትም፣ የሕዝብ ትራንስፖርትም ምሪት የለም። ለአጭር የከተማ ጉዞ በጣም የሚያስፈልገው እኮ እግርና ባቡር ነው! መኪና የሚያሳየው መንገድ ደግሞ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበትን እየተከተለ ያዞራችኋል፣ እናንተ በደረጃው ወርዳችሁ በሁለት ደቂቃ የምትደርሱበትን።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ኢሲም፣ ማለትም ያለ ካርድ ስልክ ውስጥ የሚጫን ሲም መግዛት፣ ስልካችሁ የሚቀበል ከሆነ ቤት ሳላችሁ ጭናችሁት እንደደረሳችሁ ይሠራል። ሌላው ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን አፕ ከጎን መያዝ ነው። ነፃ ነው፣ የተሠራው በፈቃደኞች በሚሞላው በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ነው፣ ያለ ዳታም የእግር መንገድ ይመራል። ደረጃና መተላለፊያ አንዳንዴ ከጎግል በተሻለ ያሳያል። ሪቪውና የሥራ ሰዓት ላይ ግን አይደርስበትም፣ ስለዚህ ማቀዱን በጎግል፣ መሄዱን በሱ ማድረግ ይቻላል። እኔ ሁለቱንም እይዛለሁ።

ባትሪም አለ። ማፕ ከፍቶ ቀኑን ሙሉ መዞር ስልክ ይጨርሳል፣ ስልኩ ሲሞት ደግሞ ትኬቱም የሆቴሉ አድራሻም አብረው ይሄዳሉ። ፓወር ባንክ ያዙ፣ ግን በሻንጣ ውስጥ ለጭነት አትስጡት፣ አይፈቀድም፣ በእጅ ይዛችሁት ነው የምትገቡት። እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለው በአጠቃላይ ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፣ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው የተለመደው ዓይነት 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከዛ በታች ነው። አንዳንድ አየር መንገዶች የራሳቸው ጥብቅ ሕግ ስላላቸው ግን ከመብረራችሁ በፊት አንብቡት። የሆቴሉን ስምና አድራሻ በከተማው ቋንቋ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መያዝም አይጎዳም፣ ለታክሲ ሹፌር ከስልክ ይልቅ ወረቀት ማሳየት ይቀላል።

ማፑ የማይሠራባቸው ወይም በግማሽ የሚሠራባቸው ከተሞችም አሉ፣ ይሄንን ሳያውቅ የሄደ ሰው ይቸገራል። ቬኒስ የመጀመሪያዋ ናት። ከተማዋ ስድስት ክፍል አላት፣ የቤት ቁጥር የሚሰጠው በመንገድ ሳይሆን በክፍሉ ስለሆነ ቁጥሩ ብዙ ሺህ ይደርሳል፣ ጎረቤት የሆኑ ቁጥሮችም በሌላ መታጠፊያ ሊገኙ ይችላሉ። መንገዱ ጠባብ፣ ግድግዳው ረጅም ስለሆነ ጂፒኤሱ ይዋልላል፣ ነጥቧ ከቦዩ ማዶ ትዘላለች። እዛ ከአድራሻ ይልቅ ቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም አደባባይ ፒን አድርጉ፣ ለጀልባው ደግሞ የጣቢያውን ስም ያዙ። ግድግዳ ላይ ያሉት ወደ ሪያልቶና ወደ ቅዱስ ማርቆስ የሚጠቁሙ ቀስቶች ከስልኩ ይልቅ ይታመናሉ።

ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ዝርዝር የካርታ መረጃዋ ከአገር እንዳይወጣ ለረጅም ዓመታት ስትከለክል ቆይታለች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ጎግል ያቀረበውን ጥያቄ አልተቀበለችም። በዚህ የተነሣ ጎግል እዛ አገር የእግርና የመኪና ምሪት ላይ ደካማ ሆኖ ነው የቆየው። ሶል የሚሄድ ሰው ኔቨር ማፕ ወይም ካካኦ ማፕ ጭኖ ይሂድ፣ የአገሩ ሰው የሚጠቀመው እነሱን ነው። ቻይና ላይ የጎግል አገልግሎት ዝግ ነው፣ የአገሬው ሰው ከሚጠቀምባቸው አንዱ አማፕ ነው፣ ቤት ሳላችሁ ጫኑት። ለንደን ወይም ፓሪስ ከሆነ የምትሄዱት ደግሞ ሲቲማፐር የሚባለውን አፕ እዩት፣ በየትኛው የባቡር ፉርጎ ብትሳፈሩ ለመውጫው እንደምትቀርቡ ሳይቀር ይነግራል።

ነጥብ ስጥ ብትሉኝ ለማቀጃነቱ ከአምስት አምስት፣ ለመንገድ ምሪቱ ዳታ ካለ አራት፣ ዳታ ከሌለ ሁለት እሰጠዋለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሚወስደው የሄዳችሁበትን መረጃ ነው፣ ያ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ታይምላይን የሚባለውን ከሴቲንግ ማጥፋት ትችላላችሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር የመመለሻው ቀን ነው፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው። መሄጃውን እንጂ መመለሻውን ማንም አያቅድም። ማፑ ላይ መነሻ ሰዓት ብቻ ሳይሆን መድረሻ ሰዓትም መስጠት ይቻላል። በረራችሁ ከመነሣቱ ሦስት ሰዓት በፊት ኤርፖርት መድረስ እፈልጋለሁ በሉት፣ ቀኑን ትክክለኛውን ቀን አድርጉ፣ ከሆቴል ስንት ሰዓት መውጣት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ኢስታንቡል ላይ ሜትሮው በአብዛኛው ቀን ሥራ የሚጀምረው ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ ስልኩ ላይ 06:00 ማለት ነው። በረራችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ሜትሮው አያደርሳችሁም፣ የኤርፖርት አውቶቡስ ወይም ታክሲ ነው ያላችሁ አማራጭ፣ የአውቶቡሱን ሰዓትም ከራሱ ድረ ገጽ ነው የምታዩት። ይሄንን ትኬት ስትቆርጡ ካያችሁት በትንሽ ጭማሪ የከሰዓት በኋላውን በረራ ትመርጣላችሁ፣ ጠዋቱም ለዶልማባህቼ ይተርፋል።